የአሊዩ አምባ ወፎች

አሊዩ አምባ ከአንኮበር ተራራ በታች፥ በቆላው አፋፍ ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በቆላው ቁጥቋጦ ውስጥ ጕሮሮዋ ቢጫ የሆነ፥ ጥሬ የምትለቅም ትንሽ ወፍ አለች። በደጋው ገደል ደግሞ ላባዋ የቡና መልክ ያለው ዝንጕርጕር ዘመዷ ትኖራለች፤ እርስዋንም የወፍ ሊቃውንት ለመጀመሪያ ጊዜ የለዩአት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኙም። ስለዚህ ቁጥቋጦው ለማገዶ ተቈርጦ ቢያልቅ፥ ሣሩም በከብት ተግጦ ቢጠፋ፥ የሚሰደዱበት ሌላ አገር የላቸውም። ወፎችን ለማየት መጥቶ ድንኳን የሚተክል ሰው ከጎጆአቸው ይርቃል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሲሄድም እሳቱን ያጠፋል። የአገሩም ልጅ ወንጭፉን ይተው። በዓይን የታየች ወፍ ነገም ትታያለች፤ በድንጋይ የተመታች ግን አትመለስም።