በልክ የተሠራ ብረት

ከሰሜን ኢጣሊያው የኮሞ ሐይቅ በላይ፣ ማግሬሊዮ በምትባል ትንሽ መንደር፣ የጊዛሎ እመቤታችን ቤተ ጸሎት አለች። ከውጭ ለሚያያት እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ጸሎት ናት። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ግድግዳው ላይ የታላላቅ ተወዳዳሪዎች ብስክሌት ተሰቅሏል፦ የፋውስቶ ኮፒ፣ የጂኖ ባርታሊ፣ የኤዲ መርክስ። በ1949 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የጊዛሎዋን እመቤት የብስክሌተኞች ጠባቂ ብለው ሰየሟት። ተወዳዳሪዎች ማሊያቸውንም ብስክሌታቸውንም እዚያ ያስገባሉ። ለእኛ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ስለት ነው። በ1995 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ቁልቁለት ሲወርድ ወድቆ የሞተው የፋቢዮ ካዛርቴሊ ብስክሌትም ተጣሞ እንደቀረ እዚያው ይታያል።

ዕቃን እስከዚህ ማክበር ለውጭ ተመልካች ትንሽ የበዛ ይመስላል። የጎዳና ብስክሌት የሚወድ ሰው ያለበት ቤት የሚኖሩ ግን አይገረሙም። ብስክሌቱ ሳሎን ይገባል፤ ከልብስ ማስጫው አጠገብ ልዩ ቦታ ይሰጠዋል፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ በጥርስ ብሩሽ ይታጠባል። ብስክሌተኞቹ ራሳቸው የሚቀልዱት ቀልድ አላቸው፦ አንድ ሰው የሚበቃው ስንት ብስክሌት ነው ቢባል፣ አሁን ካለው አንድ የሚበልጥ ነው። ጣሪያውም ይታወቃል፤ ሚስት ወይም ባል ጥለው ከሚሄዱበት ቁጥር በአንድ ያነሰ።

የፍቅሩ ምንጭ ከጌጥና ከመታየት በፊት ሌላ ነው። በብስክሌት ላይ ሞተሩ ባለቤቱ ነው። መኪናው የደከመበት ሰው ጥፋቱን በሞተሩ ያሳብባል፤ ብስክሌተኛው ግን ጉልበቱን ሲያመው ከኮርቻው ነው ወይስ ከራሱ እግር ብሎ መመርመር አለበት። በደቂቃ 90 ጊዜ ፔዳል የሚመታ ሰው በአራት ሰዓት ጉዞ እያንዳንዱን ጉልበቱን 21,600 ጊዜ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ኮርቻው ሦስት ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ለአንድ ዙር ምንም አይደለም፤ ለሃያ አንድ ሺው ግን ጅማት ያሳብጣል። ስለዚህ ነው ሜትርና መፍቻ ይዘው ኮርቻ ሥር የሚንበረከኩት። በአሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ስም የሚታወቅ፣ ከአሠልጣኙ ከፈረንሳዊው ሲሪል ጊማር የመጣ ስሌት አለ፦ የእግርህን የውስጥ ቁመት ከብልት ሥር እስከ ተረከዝ ለካ፣ በ0.883 አባዛው፣ ያገኘኸው ከፔዳሉ መዘውር መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። እግሩ 84 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ኮርቻው 74.2 ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ወደ ላይ አንድ ሚሊ፣ ወደ ታች ሁለት ሚሊ እያሉ የዕድሜ ልክ ክርክር ነው።

በዚህ ክርክር መርክስን የሚያህል አልተገኘም። በ1969 ብሎዋ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ፣ በዙሪያ ሜዳ ውድድር ላይ በሞተር የሚመራው ሰው የሞተበት ከባድ አደጋ ደርሶበት ዳሌው ተዛባ። ከዚያ በኋላ ኮርቻው ተስማምቶት አያውቅም። መፍቻ በኪሱ ይዞ እየተወዳደረ የኮርቻውን ከፍታ ይቀያይር ነበር። አምስት ጊዜ ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈ ሰው ነው፤ የተመቸው ብስክሌት ሳያገኝ ጡረታ ወጣ ቢባል ግነት አይሆንም።

መርክስን የመሰለ ደንበኛ ደግሞ በልክ የሚሠራ ባለሙያ ይፈልጋል። በሚላን የቪጎሬሊ የብስክሌት ሜዳ ሥር ወርክሾፕ የነበረው ፋሊዬሮ ማሲ በዘመኑ «ልብስ ሰፊው» እየተባለ ይጠራ ነበር። ሥራው ሰውን መለካት ነው፦ የጭን፣ የደረት፣ የክንድ ርዝመት። ከዚያ የብረት ቱቦዎቹን በዚያ ልክ ቆርጦ፣ ጫፋቸውን በፋይል ሞርዶ፣ በእጅጌ መሳይ መጋጠሚያ ውስጥ አስገብቶ በቀለጠ ናስ ያጣብቃቸዋል። ቱቦው ራሱ ተራ የውሃ ቧንቧ አይደለም። የበርሚንግሃሙ ሬይኖልድስ በ1935 ያወጣው 531 እና የሚላኑ ኮሎምቡስ ቱቦዎች ጫፋቸው ላይ ወፍራም፣ መሃላቸው ላይ ቀጭን ናቸው። ከኮሎምቡስ አንዱ ዓይነት ጫፉ 0.9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው መሃሉ 0.6 ብቻ ነው። እሳት የሚነካውና ጭነቱ የሚበረታው ጫፉ ላይ ስለሆነ ብረቱ እዚያ ይቀመጣል፤ መሃሉ ክብደት ይቀነስበታል። ከውጭ ልዩነቱ አይታይም። ማሲ የሠራው ፍሬም ብዙ ጊዜ የቡድኑን ቀለም ተቀብቶ፣ የሌላ ፋብሪካ ስም ተጽፎበት ይወጣ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሕዝቡ አያውቅም።

በራስ እጅ መጠገንም በመጀመሪያው ዘመን ምርጫ አልነበረም። የቱር ደ ፍራንስ መሥራች አንሪ ዴግራንዥ ብስክሌተኛው የተሰበረበትን ያለማንም እርዳታ ራሱ ይጠግን ብሎ ደነገገ። በ1913 ኧዤን ክሪስቶፍ ቱርማሌ የሚባለውን የፒሬኔ ተራራ ሲወርድ የፊት ሹካው ተሰበረ። ሰውየው ቀድሞ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ብስክሌቱን ተሸክሞ በእግሩ ወርዶ ሴንት ማሪ ደ ካምፓን በምትባል መንደር አንጥረኛ ቤት ገባ፤ ዳኞቹ ቆመው እያዩት እሳት አንድዶ፣ ብረት ቀጥቅጦ ሹካውን አበጀው። ሁለት እጁ በሥራ ስለተያዘ አንድ ትንሽ ልጅ ወናፉን ነፋለት። ለዚህ ለወናፉ ቅጣት ተጣለበት! ዴግራንዥ ማርሽ መቀየሪያንም እስከ 1937 ድረስ አልፈቀደም። ማርሽ ለደካማ ነው የሚል ሰው ነበር።

ከዚያው ከመከራ የተወለደ ሌላ ታሪክም አለ። ቱሊዮ ካምፓኞሎ በ1927 ክሮቼ ዳውኔ በሚባል ተራራ በረዶ ላይ ሲወዳደር ጣቶቹ ደንዝዘው የኋላ ጎማውን ዳዶ መፍታት አቃተው ይባላል። በ1930 ዳዶን በእጅ በሚታጠፍ ዘንግ የሚተካ ፈጠራ አስመዘገበ፤ በ1933 ቪቼንሳ ላይ ድርጅቱን አቋቋመ። ዛሬ ጎማ ሲቀይሩ በአውራ ጣት የሚከፈተው መያዣ ያ ነው።

አሁን ወደ ጎማው እንጠጋ፤ የዚህ ሙያ ፍቅር የሚገባው እዚያ ነው። በቀድሞው ልማድ አንድ ጎማ 32 ወይም 36 ቀጫጭን ሽቦ አለው። ሽቦዎቹ በጎማው መሃል ያለውን ሞዞ ከቸርኬው ጋር ያያይዙታል፤ ግማሹ ወደ ቀኝ፣ ግማሹ ወደ ግራ ይጎትታል። በኋላ ጎማ፣ በሰንሰለቱ በኩል፣ እያንዳንዱ ሽቦ ወደ 100 ኪሎ የሚደርስ ውጥረት ይሸከማል። ጎማው የሚቆመው በዚህ ግብግብ ሚዛን ነው። ቸርኬው ሲወላገድ ብስክሌተኛው ጎማውን ያሽከረክርና የፍሬኑን ላስቲክ የሚነካበትን ቦታ ይፈልጋል፦ ቺስ፣ ዝም፣ ቺስ፣ ዝም። እዚያ ላይ ያቆመዋል። ወደ ግራ ያዘነበለ ከሆነ የቀኙን ሽቦ ሩብ ዙር ያጠብቃል፣ የግራውን ሩብ ዙር ያላላል፣ እንደገና ያሽከረክራል። ሩብ ዙር ነው እንጂ ሙሉ ዙር አይደለም፤ የቸኮለ ሰው ጥፋቱን አስተካክሎ በማዶ ሌላ ጥፋት ይፈጥራል። የለመደ እጅ ሽቦዎቹን እንደ ክራር ጅማት በጥፍሩ እየመታ ያዳምጣል፤ ድምፁ ወፈር ያለው የላላ ነው። አንድ ጎማ በዚህ መንገድ ያቃና ሰው ከዚያ በኋላ ጉድጓድ ሲያይ ልቡ ስንጥቅ ይላል።

ሰንሰለቱ ይበልጥ አድካሚ ነው፣ አነስ ያለ ክብርም አለው። ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ አቧራና ዘይት ተደባልቆ እንደ ሞረድ ፒኖቹን ሲበላቸው ሰንሰለቱ ይረዝማል። ግማሽ በመቶ ሲረዝም ካልተቀየረ ጥርሶቹን መብላት ይጀምራል፤ ያኔ ሦስት ዕቃ በአንዱ ፈንታ ይገዛል። አንዳንዶች ዘይቱን ሙልጭ አድርገው አጥበው ሰንሰለቱን በቀለጠ ሰም ውስጥ ይነክሩታል። ወጥ ቤት ውስጥ የሚሆነው ይህ ነውና የቤት ሰላም የሚታወከውም በዚህ ነው።

ወደ ክብደት ስንመጣ ፍቅሩ ወደ እብደት ይጠጋል። በ1970ዎቹ የፍሬን መያዣ፣ ጥርስ፣ የኮርቻ ዘንግ፣ ያገኙትን ሁሉ በመሰርሰሪያ እየበሱ ግራም መቀነስ ፋሽን ነበር። ብስክሌት ሠሪው ኤርኔስቶ ኮልናጎ፣ መርክስ በጥቅምት 1972 ሜክሲኮ ከተማ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ለጋለበበት ብስክሌት ሰንሰለቱን ሳይቀር በስቶለታል፤ ብስክሌቱ ከስድስት ኪሎ በታች ነበር። ዛሬ በብራስልስ በመርክስ ስም በተሰየመው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በመስተዋት ውስጥ ቆሟል። በውድድር ላይ ግን ከ2000 ጀምሮ የዓለም አቀፉ ብስክሌት ማኅበር ከ6.8 ኪሎ በታች የሆነ ብስክሌት ከልክሏል። በእርግጥ የእሁድ ብስክሌተኛ ብዙውን ጊዜ ሦስት ኪሎ ከሆዱ ቢቀንስ መቶ ግራም ለማራገፍ የሚያወጣው ገንዘብ ይተርፈው ነበር፤ ይህን ሲነግሩት ይስቃል፣ ከዚያ ዕቃውን ያዛል።

ስኮትላንዳዊው ግሬም ኦብሪ ግን ገንዘብ አልነበረውም። ብስክሌቱን ራሱ ሠራ፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ኩሽኔታ ከትቶበት። ደረቱን በመሪው ላይ ጥሎ እንዲጋልብ አድርጎ ያበጀው ነው። በሐምሌ 1993 ኖርዌይ ሐማር ላይ በአንድ ሰዓት 51.596 ኪሎ ሜትር በመጋለብ የፍራንቼስኮ ሞዘርን ክብረ ወሰን ሰበረ። የዚያን ዓይነት አጎነባበስ ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ ከለከለ። ለእኔ ከመርክሱ የተበሳ ሰንሰለት ይልቅ የኦብሪ ኩሽኔታ ይህን ፍቅር ይገልጸዋል።

አንድ የተገለበጠ ነገር አለ። ትልልቆቹ ፕሮፌሽናሎች ብስክሌታቸው የራሳቸው አይደለም፤ ስፖንሰሩ የሰጣቸውን ይጋልባሉ፣ ማታ መካኒክ ያጥበዋል። በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይም፣ በ2024 እዚያው ውድድር ላይ ሦስት የዕለት ውድድር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ የወሰደው ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይም የጋለቡት የቡድናቸውን ዕቃ ነው። ብስክሌት የእኔ የሚለው ደመወዙን ከፍሎ የገዛው ሰው ነው። የኛ ነገሥታት በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው ሲባሉ ፈረሱ የግላቸው ነበር፤ የተከራዩት ፈረስ ስም አይሆንም።

ያም ባለቤትነት ዛሬ እየጠበበ መጥቷል። ሺማኖ በ2009 በባትሪ የሚሠራ ማርሽ ለገበያ ካወጣ ወዲህ፣ ከዚያም የፍሬን ካቦና ቱቦ በመሪውና በፍሬሙ ሆድ ውስጥ መቀበር ሲጀምር፣ ድሮ በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ የግማሽ ቀን ሥራ ሆኗል። መሪውን አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ የፈለገ ሰው የፍሬኑን ዘይት አፍስሶ መጀመር ሊኖርበት ይችላል። ነፋስ መቁረጡ እውነት ነው፤ ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ አውጥቶ የገዛውን ዕቃ ራሱ መክፈት አለመቻሉ ግን እኔን አያሳምነኝም።

ይህን የማይወዱት በ1997 ቶስካና ውስጥ ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ ላይ የተጀመረውን ሌሮይካን ያከብራሉ። በዚያ ጉዞ የሚፈቀደው ከ1987 በፊት የተሠራ የጎዳና ብስክሌት ነው፤ ማርሽ መቀየሪያው ፍሬሙ ላይ፣ የፍሬኑ ካቦ ከመሪው በላይ በግልጽ፣ ፔዳሉ በጠፍር። መንገዱም በከፊል አስፋልት ያልነካው ነጭ ጠጠር ነው። በዚህ የተነሳ የድሮ የኢጣሊያ ፍሬም ዋጋው ወጥቷል።

እንዲህ ያለ ፍሬም ለመግዛት ያሰበ ሰው ቀለሙን ከማየቱ በፊት ሁለት ነገር ይሞክር። የኮርቻው ዘንግ በእጅ ይሽከረከር እንደሆነ ይፈትሽ፤ አልሙኒየሙ ከብረቱ ጋር ለዓመታት ተጣብቆ ከሆነ ማውጣቱ ፍሬሙን እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። ቀጥሎ የፔዳሉ መዘውር የሚገባበትን ቤት ይለካ። ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር ከሆነ የኢጣሊያ ነው፤ በሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ ይጠብቃል፣ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ግን በጋለቡ ቁጥር ራሱን መፍታት ይወዳል። 68 ከሆነ ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝ ነው፤ የሰንሰለቱ ጎን የሚጠብቀው ወደ ግራ ነው። ይህን ሳያውቅ መፍቻውን የጣለበት ሰው እየፈታሁ ነው ብሎ ሲያጠብቅ ይውላል።