በሲኒማ የሚወድቀው ፈረስ

በሲኒማ ሰው ሲሞት ብዙ አንደነግጥም። በጥይት ተመትቶ ከኮርቻው የተገለበጠው ወታደር ሥዕሉ ካለቀ በኋላ አቧራውን አራግፎ፥ ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ቤቱ እንደሚገባ እናውቃለንና። ከእርሱ ጋራ የወደቀው ፈረስ ግን ለመውደቅ አልተዋዋለም፤ ነገሩ ጨዋታ መሆኑንም የነገረው የለም። ይህን ልጆች ከእኛ ቀድመው ያስተውሉታል፤ «ፈረሱስ ተነሣ ወይ?» ብለው የሚጠይቁት እነርሱ ናቸው። የቤተ ሰብ አባት የሆነ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ እውነተኛ መልስ እንዲኖረው ስለምንወድ ነገሩን ከሥሩ አንሥተን ልንጽፍ አሰብን።

ፈረስ በአገራችን ምን ያህል የተከበረ እንደ ነበረ ለአንባቢዎቻችን መንገር ለቀባሪ እንደ ማርዳት ይቈጠራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ተጠርተዋል። ሠዓሊዎቻችንም ቅዱስ ጊዮርጊስን ያለ አምባላይ ፈረሱ አይሥሉትም። ነገር ግን በብሩሽ የተሣለ ፈረስ ቢወድቅ የሚወድቀው ቀለም ነው። በተንቀሳቃሽ ሥዕል ግን ሥዕሉ እንዲወድቅ እውነተኛው ፈረስ ይወድቅ ዘንድ ግድ ሆነ።

የሚያስደንቀው፥ የተንቀሳቃሽ ሥዕል መንገድ የተጠረገው በፈረስ ሩጫ መሆኑ ነው። በ1878 (እዚህ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ኤድዋርድ ማይብሪጅ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ በካሊፎርኒያ፥ በፓሎ አልቶ፥ ካሜራዎች በተራ አቁሞ በመሮጫው ላይ ቀጭን ክር ዘረጋ፤ የምትጋልበው ባዝራ ክሩን በበጠሰች ቍጥር አንድ ሥዕል ተነሣ። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ጋላቢ ፈረስ የፊት እግሩን ወደ ፊት፥ የኋላውን ወደ ኋላ ዘርግቶ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ ይሥሉ ነበረ፤ ፎቶግራፉ ግን አራቱም እግሮች ከመሬት የሚለቁት ከሆዱ በታች በተሰበሰቡ ጊዜ መሆኑን መሰከረ። ለፈረስ ከዚህ የታመነ ምስክር አልቆመለትም፤ ባዝራይቱም አልተጐዳችም።

ከዚያ ወዲያ ስድሳ ዓመት ሳይሞላ በሆሊውድ የተዘረጋው ሽቦ ግን ሌላ ነበረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በፈረሱ የፊት እግሮች ቍርጭምጭሚት ላይ ማሰሪያ ይታሰራል፤ ከማሰሪያው የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ራቅ ብሎ በመሬት ከተቀበረ ችካል ጋራ ይያያዛል። ፈረሱ በሙሉ ኃይሉ ሲጋልብ፥ ሽቦው ባለቀበት ስፍራ ሁለቱ እግሮቹ በድንገት ይነጠቁና በግንባሩ ይተከላል። ጋላቢው የሚወድቅበትን ስፍራ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ፈረሱ አያውቀውም። አጥንቱ የተሰበረውም በዚያው ይገደላል። በ1936 ማይክል ከርቲዝ ባዘጋጀው፥ «ዘ ቻርጅ ኦቭ ዘ ላይት ብሪጌድ» በተባለው፥ የእንግሊዝ ፈረሰኞችን የክራይሚያ ግሥጋሴ በሚያሳየው ፊልም ብዙ ፈረሶች በዚህ ዓይነት ሽቦ ተጥለው ሞቱ። ያገራችን ሰው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል፤ በዚያ ሜዳ ግን ጦርነት ሳይኖር ፈረሱ የጦርነት ሞት ሞተ።

የእንግሊዝ ፓርላማ በ1937 ስለዚህ ጕዳይ ሕግ አወጣ። እኛ ከችሎት አጠገብ የምንውል ስለ ሆንን የሕጉ ብልሃት ደስ አሰኝቶናል። ጨካኙን አዘጋጅ ባሕር ተሻግሮ ከመክሰስ ይልቅ፥ እንስሳን በጭካኔ ለማሠቃየት ወይም ለማስደንገጥ ታስቦ የተሠራ ትርኢት ያለበትን ፊልም ለሕዝብ ማሳየትን ከለከለ፤ ይኸውም ገበያውን ዘጋበት ማለት ነው። ሕጉ ዛሬም ይሠራበታል፤ የዚያ አገር የፊልም መርማሪዎች በአሮጌ ፊልም ውስጥ በሽቦ የተጣለ ፈረስ ሲያገኙ ያን ክፍል ያስቈርጣሉ።

በአሜሪካም በ1939 «ጄሲ ጄምስ» በተባለው ፊልም ፈረስ ከገደል ወደ ውሃ ወርዶ በመሞቱ የሕዝብ ቍጣ ተነሣ። በ1940 አሜሪካን ሂዩሜን አሶሲዬሽን የተባለው ማኅበር በሆሊውድ ጽሕፈት ቤት ከፍቶ የፊልም ሥራን ይቈጣጠር ጀመር። በ1960ዎቹ ዓመታት የሆሊውድ አሮጌ ደንብ ሲፈርስ ተቈጣጣሪው ከበር ተመለሰ፤ በ1980 በወጣው «ሄቨንስ ጌት» በተባለው ፊልም ሥራ ላይ ፈረሶች ሞቱ የሚል ወሬ ከተሰማ በኋላ እንደ ገና ገባ። እንዲህም ሆኖ በ2012 ስለ ፈረስ እሽቅድምድም ይሠራ የነበረ አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ትርኢት ሦስት ፈረሶች ስለ ሞቱበት ሥራው ቆመ።

«ፈረስ ሳይወድቅ የጦርነት ሥዕል እንዴት ይሠራል?» የሚል ይኖራል። በ2011 በወጣው «ዋር ሆርስ» ውስጥ ፈረሱ በሽቦ አጥር ተጠላልፎ ሲጨነቅ የሚታየው ሥዕል የተሠራው በጐማ ሽቦና በከፊሉም ሰው በሠራው የመኪና ፈረስ ነው፤ ያዩት ሰዎች ግን አልቅሰዋል። «አሮጌው ፊልም ተሠርቶ አልቋል፥ ፈረሱም ሞቷል፤ ዛሬ ብናየው ምን ይጐዳዋል?» የሚለው ክርክር ግን ይከብዳል። እኛ አሮጌ ፊልም ይቃጠል አንልም፤ ልጁ «ተነሣ ወይ?» ሲል «አዎን፥ ተነሣ» ብሎ መዋሸትን ግን አንወድም።

ለመለየትም እጅግ አያስቸግርም። መውደቅን የተማረ ፈረስ በለሰለሰ አፈር ላይ፥ ጋላቢው በልጓሙ አንገቱን ወደ ጐን ሲመልሰው፥ በትከሻው ዞሮ ይተኛል፤ ወዲያውም ይነሣል። በሽቦ የተጣለው አንገቱ ቀጥ እንዳለ ሁለት የፊት እግሮቹ ባንድ ጊዜ ወደ ሆዱ ታጥፈው በራሱ ላይ ይገለበጣል፤ ሥዕሉም ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቋረጣል።