አባ ኮዳ፣ የቄራና የሐይቅ ዳር ጐረቤት

ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎ ባሉት የቆላ ከተሞች፣ እንዲሁም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ፣ ቄራ ባለበትና የዓሣ ገበያ በሚቆምበት ስፍራ፣ ክንፉን እንደ ካባ ደርቦ በዝምታ የሚቆመውን ግዙፍ ወፍ ብዙ ሰው በመጸየፍ ስለሚያየው፣ ስለ ፍጥረቱና ስለ ግብሩ ጥቂት መናገር ተገቢ ሆኖ ታየኝ።

አባ ኮዳ ሲቆም እስከ 1.5 ሜትር ይረዝማል፤ ክንፉ ሲዘረጋ ወደ 3 ሜትር ይቀርባል። ራሱ መላጣ መሆኑ በድን ውስጥ ሲገባ ላባው በደም እንዳይጨማለቅ ይረዳዋል። ነጭ የሚመስለው እግሩም በተፈጥሮው ጥቁር ግራጫ ሆኖ ሳለ፣ የቆላውን ሐሩር ለማብረድ በገዛ ኩሱ ስለሚያርሰው ነው የሚነጣው።

ጠባዩን በቅርብ ለማየት የሐዋሳው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ይበቃል። ዓሣ አራጁ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ልጦ፣ ሆዱን ሰንጥቆ አንጀቱን ሲወረውር፣ በጥቂት እርምጃ ርቀት የሚጠባበቀው አባ ኮዳ ረጅም መንቈሩን ከፍቶ ከአየር ላይ ይቀልበዋል፤ ጕርሻው በአንገቱ ቍልቍል ሲወርድም በግልጽ ይታያል። ሲሳዩን ከሰው እጅ ማግኘት የለመደ ወፍ ሰውን መፍራት ይተዋል፤ ከዚያም በሰው ግቢ ዛፍ ላይ ጎጆውን ሠርቶ፣ በበጋ ከ2 እስከ 3 እንቍላል ጥሎ፣ ጣሪያውንና መንገዱን በኩሱ ያበላሻል።

እንግዲህ መድኀኒቱ ድንጋይ አይደለም፤ የተባረረው ወፍ ምግቡ እዚያው እስካለ ድረስ ይመለሳልና። በሰሜን አሜሪካ ከተሞችም የካናዳ ዝይ በሣር ሜዳዎች ላይ በበዛ ጊዜ፣ በፈቃድ እንቍላሉን ዘይት እየቀቡ እንዳይፈለፈል ከማድረጋቸው ጋር፣ ሕዝቡ ዳቦ መወርወሩን እንዲተው ይመክራሉ። በእኛም አገር የዓሣው አንጀት ክዳን ባለው በርሜል ቢሰበሰብ፣ የቄራው ተረፈ ሥጋ በጥልቅ ጕድጓድ ቢቀበር፣ በድርቅ ያለቀው ከብትም ከከተማ ርቆ ቢጣል፣ አባ ኮዳ ከደጃችን ይርቅ ነበር። ከግቢ ዛፍ ላይ ጎጆውን ማንሣት ግድ ከሆነም፣ እንቍላል ከመጣሉ በፊት ይሁን፤ ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ማፍረስ ግን ጭካኔ ነው።

ይህ ወፍ በድን ከማጽዳቱ በላይ አንበጣና የግሪሳ ጫጩት እየበላ ገበሬውን ይረዳል። ስለዚህ የየከተማው ማዘጋጃ ቤቶችና ሥጋ ሻጮች ወፉን ከመውቀስ አስቀድመው የቄራቸውን ጓሮ እንዲያጸዱ አጥብቄ እለምናለሁ።