ግማሿን ለመብላት ሙሉውን መከተል

መቼም ቴፒን የሚያውቅ ያውቃታል። ጀንፈሉ ደርቆ በሚሸጥበት ሰሞን ኪሱ ያላበጠ ሰው የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብና መብራት ሲጠፋ፣ ሻማ ተለኩሶ ካርታ ይወጣል። እኛ የለመድነው ኮንከር ነበር። ያን ሰሞን ግን ከአሜሪካ ለጥየቃ የመጣው የአክስቴ ልጅ አዲስ ነገር አስተማረን፤ ለሁለት የሚከፈል የሰባት ካርታ ፖከር!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ካርታ ተደፍቶ አንድ ተገልጦ ይሰጥሃል። ሦስቱ አንድ በአንድ ተገልጠው ይከተላሉ፤ ሰባተኛው ተደፍቶ ይመጣል። በየመሐሉ ብር ይወጣል። መጨረሻ ላይ የተከማቸውን ትልቁን እጅና ትንሹን እጅ የያዙት ይካፈሉታል። ለትንሹ፣ ከ8 ያልበለጡ አምስት የተለያዩ ካርታዎች ያስፈልጋሉ፤ አስ እንደ 1 ትቆጠራለች። እንዲህ ያለ እጅ ከጠፋ ትልቁ ሁሉንም ይበላል።

እኔን ያጃጃለችኝ «ግማሽ» የምትለዋ ቃል ናት። እስቲ አስሉት። ሁለት ሰዎች 100፣ 100 ብር ቢያወጡ መሐል ላይ 200 አለ። ግማሹን በላሁ ብለህ ስትፎክር የገዛ 100 ብርህን ነው የመለስከው። ሦስት ስትሆኑ 150 ይደርስሃል፣ ትርፍህ 50 ነው። ትንሹ እጅህ ከሌላው ጋር እኩል ከወጣ ግን 75 ብቻ! አሸንፈህ 25 ከሰርክ ማለት አይደል እንዴ?

ለዚህ ነው አዋቂዎቹ ሁለቱንም ወገን የሚያይ እጅ የሚወዱት፤ ለምሳሌ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው አስ፣ 2 እና 3። ሁለት 9 ይዞ፣ ዙሪያውን አስ ተገልጦ እያየ የሚቀጥል ሰው ብሩን ለጎረቤት እያደለ ነው።

ይኼን ሁሉ ከመስማቴ በፊት ግን ተበልቻለሁ። የእናቴ የጀንፈል ዋጋ፣ 2,400 ብር፣ ኪሴ ውስጥ ነበር። 2፣ 4 እና 7 መጣልኝ፤ ደስ አለኝ። አራተኛው ንጉሥ፣ አምስተኛው ንግሥት። ፊት ለፊቴ ያለው ልጅ አስ፣ 3 እና 5 ገልጧል። ሌላው ሁለት 10 አሳይቷል። ለእኔ የቀሩት ሁለቱም ካርታዎች የግድ ትንሽ፣ ያውም ከያዝኩት የተለዩ መሆን ነበረባቸው። ብዙ ብር ገብቷል አልኩና ተከተልኩ። የገባው ብር የእኔ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል፤ ይህን ማን ይንገረኝ!

ጉዱ ምን መሰላችሁ? መጣልኝ። ስድስተኛው 8፣ ሰባተኛው 6። የቀረኝን ሁሉ ወረወርኩት። ልጁ የተደፉትን ገለጠ፤ 6 ካርታ ከላይ ሆኖ፣ ከሥሩ 5፣ 3፣ 2 እና አስ። የእኔ 8 አፈር በላ።

«አምስተኛው ላይ ነበር መጣል የነበረብህ» አለኝ የአክስቴ ልጅ። «ሦስት ትንሽ ብቻ ይዘህ፣ ሁለት እየቀረህ፣ ያውም ያ አስ እያፈጠጠብህ! ካርታው ባይመጣልህ ይሻልህ ነበር።»

እቤት ስገባ እናቴ ቡና ልታፈላ ከሰል ታያይዛለች። ገዢው ገንዘቡን ለቅዳሜ ቀጥሮኛል አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ጎረቤታችን ለካ በዚያው ዕለት፣ ለዚያው ገዢ ሸጦ፣ ብሩን ቆጥሮ ተቀብሏል።