በብልቃጥ የሚራባው ዛፍ

ሰው ከተከለው የኒው ዚላንድ ደን ከ100 እጅ 90 ያህሉ ራዲያታ የተባለው ፓይን ነው፤ የትውልድ አገሩ ግን ካሊፎርንያ ነው። የዚህ ዛፍ መልካምነት የሚታወቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ካረጀ ደግሞ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ሥር ለማውጣት እጅግ ያስቸግራል።

ሊቃውንት መፍትሔውን ያገኙት ከዘሩ ውስጥ ነው። ካልበሰለው ዘር ሽሉን አውጥተው፥ ስኳርና ማዕድን ባለበት ምግብ ላይ በብልቃጥ ያራቡታል። ከፊሉን በሜዳ ተክለው ይፈትኑታል፤ ከፊሉን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያቆዩታል። ከዓመታት በኋላ በሜዳ የተመሰገነው ሲለይ፥ ሳያረጅ የቆየው መንትያው ከቅዝቃዜው ወጥቶ ይባዛል።

እኛም ጥበቡን እያደነቅን አንድ ነገር እናሳስባለን፤ ደን ሁሉ ከአንድ ሽል ከተገኘ፥ አንዱን ዛፍ የጣለ በሽታ ሁሉን ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ልዩ ልዩ ዘር ቀላቅሎ መትከል ይገባል።