ቅስቀሳ፦ ከመኝታ እስከ ምርጫ አደባባይ

ቀሰቀሰ በየቤቱ ከሚዘወተሩ ግሦች አንዱ ነው። ፈተና የደረሰበት ተማሪ «በአሥራ አንድ ሰዓት ቀስቅሱኝ» ብሎ ይተኛል። ጨጓራ ያለበት ሰው ሚጥሚጣ ቀምሶ «ቀሰቀሰብኝ» ይላል። የቆየ ዘፈን ትዝታ ይቀሰቅሳል፣ ነገር የሚወድ ጎረቤት ጠብ ይቀሰቅሳል። የምርጫ ሰሞን ደግሞ ይኸው ግሥ «ቅስቀሳ» ሆኖ ከጋዜጣም ከሬዲዮም አይጠፋም።

በእነዚህ ሁሉ አገባቦች ውስጥ የሚቀሰቀሰው ነገር ቀድሞም ያለ ነው። ሰውየው ተኝቷል እንጂ አለ፤ ሕመሙም ጋብ ብሏል እንጂ አልጠፋም። ቀስቃሹ ያለውን ያስነሣል፤ ከባዶ አይፈጥርም። ወደ ፖለቲካው ስንሻገር ይህን መያዝ ይጠቅማል። ሕዝብን የሚቀሰቅስ ሰው የሚነካው እዚያው የነበረ ፍላጎት፣ ቅሬታ፣ ተስፋ ወይም ፍርሃት ነው።

የቃሉ ቅርፅም የሚናገረው አለው። ቀ-ሰ የሚሉት ድምፆች ተደጋግመው የተሠራ ግሥ ነው፤ ነቀነቀ፣ ጎተጎተ፣ ወተወተ እንደሚባሉት። እነዚህ ሁሉ አንድ ጊዜ ተደርጎ የማያልቅ፣ እየተመላለሰ የሚሠራ ሥራን ይገልጻሉ። ዛሬ ሲቪል ማኅበራት ባለሥልጣንን ለማሳመን የሚያደርጉትን ጥረት «ውትወታ» እና «ጉትጎታ» የምንለው ከዚሁ ቤተሰብ ወስደን ነው። ተንቀሳቀሰ እና እንቅስቃሴ የሚሉት ቃላትም ያንኑ ቀ-ሰ-ቀ-ሰ ይዘው ይገኛሉ።

ከቅስቀሳ ጎን የሚቆመው ትልቁ ቃል ዘመቻ ነው። ዘመቻ ከጦር ሜዳ የመጣ ሲሆን ጥሪውም ክተት ነው፤ ስንቅና ትጥቅን ሸክፎ፣ ከትቶ መነሣት። አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ያሳወጁት የዐድዋ ክተት ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ የሌለው በሐዘኑ እንዲረዳ ጠርቷል። ከጦርነት ውጭም መንግሥት ብዙ ሰው ማሰማራት ሲፈልግ ቃሉን ወርሶታል። በታኅሣሥ 1967 የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። በሐምሌ 1971 ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከተለ። ዛሬም የክትባት ዘመቻ፣ የችግኝ ተከላ ዘመቻ እንላለን።

ሁለቱ ቃላት ሰውን የሚይዙበት መንገድ ግን ይለያያል። ዘመቻ ከላይ ይታዘዛል። በ1967 አልዘምትም ያለ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠል አይችልም ነበር። ቅስቀሳ ግን የተቀስቃሹን እሺታ ይጠብቃል። «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ ለወቀሳ ይነገራል፤ እኔ ግን የቀስቃሽን የሥልጣን ዳርቻ የሚያሳይ ሆኖ አገኘዋለሁ። ጋዜጦች ለምርጫ ፉክክር «የምርጫ ዘመቻ»ም ይላሉ፤ ከመራጩ ጋር ፊት ለፊት የሚሠራው ሥራ ሲነሣ ግን ቃሉ ቅስቀሳ ነው።

ቅስቀሳ የፖለቲካ ጉልበቱን በይበልጥ ያገኘው በተማሪዎች እንቅስቃሴና በአብዮቱ ዘመን ነው። በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች የገበሬውን ጥያቄ ወደ ከተማ አመጡ። ከአብዮቱ በኋላ ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ የዘመኑ መፈክሮች ሆኑ፤ ቅስቀሳም ከፕሮፓጋንዳ ጋር ተጣምሮ የካድሬ ሥራ ሆነ። ያ ከእንቅልፍ የማስነሣት ሐሳብ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ሕዝብ የሚያነሣሣውን ሰው «አንቂ» እንለዋለን።

በምርጫ ታሪካችን የቅስቀሳ መልክ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ሲመረጡ ፓርቲ አልነበረም፤ ዕጩው የሚወዳደረው በግሉ፣ ስሙንና ዝናውን ይዞ ነበር። በ1997 ግን የፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ቤት ድረስ ገባ። ሚያዝያ 29 ገዥው ኢሕአዴግ፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ተቃዋሚው ቅንጅት መስቀል አደባባይን በሰው ሞሉት። የኢሕአዴግ የንብ ምልክትና የቅንጅት የሁለት ጣት ምልክት ለሕፃን ሳይቀር የሚታወቁ ሆኑ።

በሰፈር ደረጃ ግን የቅስቀሳ ምስሉ መኪና ነው። ጣሪያው ላይ ሞንታርቦ የተጫነበት ፒክአፕ በእርምጃ ፍጥነት ይሄዳል። የፓርቲ ካኒተራና ኮፍያ ያደረጉ ወጣቶች በራሪ ወረቀት ያድላሉ፣ ልጆች ከኋላ ይሮጣሉ። ሙዚቃው ዝቅ ሲል የምርጫ ምልክቱ ይጠራል፣ ከዚያ እንደገና ከፍ ይላል። ቤት ለቤት የሚደረገው ቅስቀሳ ድምፁ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን መራጩ መልሶ የሚጠይቅበት ዕድል ያለው እዚያ ነው።

ቃሉ ጨለማ ፊትም አለው። ጦርነት ይቀሰቀሳል፣ ግጭት ይቀሰቀሳል፣ ወረርሽኝ ይቀሰቀሳል። ጥላቻም እንደ ሕመም ጋብ ብሎ የሚኖር በመሆኑ ቀስቃሽ አያጣም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የወጣውም ይህ አደጋ አገር ስላሳሰበ ነው። ሕግ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ማይክሮፎን የጨበጠ ሁሉ ከሰሚው ውስጥ የትኛውን ስሜት እንደሚያስነሣ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

በምርጫ ሥርዓታችን የማደንቀው ነገር የጥሞና ጊዜ ነው። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ቅስቀሳ ይቆማል፤ ሰኔ 14 ቀን 2013 ለተካሄደው ምርጫ ከዚያ በፊት በነበሩት አራት ቀናት ቆሞ ነበር። ቀስቃሽ የራሱን ድርሻ ከተወጣ በኋላ ቀሪው የመራጩ ነው የሚል እምነት በዚህ ደንብ ውስጥ አለ። ፓርቲዎቻችን ይህን እምነት ለጥሞናው ቀናት ብቻ ሳይሆን ለቅስቀሳው ጊዜ በሙሉ ቢይዙት፣ ከመፈክር ይልቅ ምክንያት ይዘው የመራጩን ደጅ ያንኳኳሉ። የነቃ ሰው የሚሄድበትን ራሱ ይመርጣል፤ ይህን የማይቀበል ቅስቀሳ ክተት እንጂ ቅስቀሳ አይደለም።