አሸዋ ውስጥ የተቀበረ እንቁላል

በዚህ እትም በሳይንስ አምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት የውሃ ዳር ወፎች እንቁላላቸውንና ጫጩቶቻቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ነው።

ወፍ ጎጆዋን የት ትሠራለች ተብላችሁ ብትጠየቁ ሁላችሁም “ዛፍ ላይ” ነው የምትሉት። የውሃ ዳር ወፎች ግን አብዛኞቹ ከዛፍ ጋር ጉዳይ የላቸውም። መሬቱን በደረታቸው ትንሽ ጎድጎድ ያደርጉና እዚያው ይጥላሉ። እንቁላሉ የአፈርና የጠጠር መልክ ያለው ዝንጉርጉር ስለሆነ አጠገቡ ቆማችሁም ላታዩት ትችላላችሁ።

በግጦሽ ሜዳና በታረሰ ማሳ ላይ ረጃጅም እግር ያላት፣ ሰው ሲቀርባት እየጮኸች የምትዞር ወፍ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እሷም ከነዚህ ወፎች ወገን ናት። ከብት ስንጠብቅ እንዳየሁት በሬ ወደ እንቁላሏ ሲመጣ አትሸሽም። ክንፏን ዘርግታ ፊቱ ትቆማለች፣ ያ ሁሉ በሬ ዞሮ ይሄዳል! ሴቷና ወንዱ እየተቀያየሩ ነው የሚታቀፉት። የእኛን አውራ ዶሮ አስቡት እስቲ። ዶሮዋ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ስትታቀፍ እሱ ሥራው መጮህ ብቻ ነው።

ከሁሉም የገረመችኝ ግን በጋምቤላ በባሮ ወንዝ ላይ የምትገኝ ወፍ ናት። በእንግሊዝኛ ኢጂፕሺያን ፕሎቨር ትባላለች። ስሟ የግብፅ ይበል እንጂ ዛሬ ግብፅ ውስጥ አትራባም፣ እኛ አገር ግን አለች። ጀርባዋ ግራጫ፣ ራሷ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም። ቶማስ ሃውል የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ጋምቤላ መጥቶ አጥንቷት ጥናቱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ታትሟል። ጋምቤላ ያኔ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ሩቅ አገር እንዳይመስላችሁ፤ የእኛ አንገር ወንዝ ወደ ዴዴሳ፣ ዴዴሳ ወደ አባይ ይገባል፤ ባሮ ደግሞ በደቡብ ሱዳን አድርጎ ወደ ነጭ አባይ ይሄዳል። ካርቱም ላይ ውሃችን ይገናኛል።

ይቺ ወፍ በበጋ ወንዙ ሲጎድል ውሃው መሀል ብቅ የሚለው አሸዋ ላይ ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ ምን ታደርጋለች? ትቀብረዋለች! አሸዋ በስሱ አልብሳ ከላዩ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ሳነብ ፀሐይ ካሞቀው ወላጅ ለምን ያስፈልጋል ብዬ ነበር። ለካ ችግሩ ያው ፀሐይ ነው። እንቁላሉ የሚፈልገው ሙቀት 38 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከሰውነታችን ሙቀት እምብዛም አይበልጥም። ቀትር ላይ የአሸዋው ፊት ግን ከ45 ዲግሪ በላይ ይሆናል። በባዶ እግሩ የወንዝ አሸዋ ላይ የሄደ ያውቀዋል። ዝም ከተባለ እንቁላሉ ውስጥ ያለው ጫጩት ይሞታል።

ስለዚህ ወፎቹ አብዛኛው ወፍ የማይሠራውን ይሠራሉ፤ እንቁላል ያቀዘቅዛሉ። አንዱ ወደ ውሃው ሮጦ የሆዱን ላባ ያርስና መጥቶ አሸዋው ላይ ይቀመጣል። እርጥበቱ አሸዋው ውስጥ ይገባል፣ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ላብ ሰውነታችንን እንደሚያቀዘቅዘው ማለት ነው። ወዲያው ስለሚደርቅ እንደገና ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ሌላኛው ባይኖር ማን ጥላ ይሆናል? ማንስ ጠላት ይጠብቃል? አንድ ወላጅ ብቻውን የሚችለው ሥራ አይደለም። ሌሊት ሲበርድ ደግሞ ሥራው ይገለበጣል፣ ታቅፎ ማሞቅ ይሆናል። እንዲህ 30 ቀን ያህል ይቆያሉ። (እኛ ቤት ውሃ የመቅዳት ተራ በደረሰ ቁጥር ከወንድሜ ጋር ምን እንደምንባባል ባልናገር ይሻላል።)

ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ወዲያው ይሮጣሉ። አደጋ ሲመጣ ግን መሬት ላይ ጥብቅ ይላሉ፣ ወላጆቹ በአፋቸው አሸዋ እየበተኑ ይቀብሯቸዋል! ሲሞቃቸውም በሆዳቸው ላባ ውሃ ያመጡላቸዋል፣ ጫጩቶቹ ከዚያው ከላባው ይጠጣሉ።

ይቺን ወፍ “የአዞ ወፍ” የሚሏትም አሉ። ሄሮዶቱስ የሚባለው የጥንት ግሪካዊ ጸሐፊ አዞ አፍ ውስጥ ገብታ አልቅት የምትለቅም ወፍ አለች ብሎ ስለጻፈ ነው። ይህን ግን እስከ ዛሬ በማስረጃ ያረጋገጠ የለም። እኔን ከተረቱ ይልቅ እውነቱ ገርሞኛል።

ሁሉም የውሃ ዳር ወፍ ሥራ ይካፈላል ማለት አይደለም። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በውሃ ላይ ቅጠል እየረገጠች የምትሄድ ጃካና የምትባል ወፍ አለች። እሷ እንቁላሏን ጥላ ወደ ሌላ ወንድ ትሄዳለች። የሚታቀፈው አባትየው ነው፣ ጫጩቶቹንም በክንፉ ሥር ሸክፎ እግራቸው ተንጠልጥሎ ይዟቸው ይሄዳል።

ወደ ባሮዋ ወፍ ልመለስ። እነዚህ ወፎች ጊዜያቸው አጭር ነው። ለመፈልፈል አንድ ወር፣ ለመብረር ደግሞ ሌላ አንድ ወር ያህል ያስፈልጋል። ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ከሞላ አሸዋው ውሃ ይውጠዋል። እኛ ሰዎችም ወንዝ ወርደን የምንታጠበው፣ አሸዋም የሚጫነው በዚሁ በበጋ ነው። ሰው አሸዋው ላይ ሲቀመጥ ወፎቹ ርቀው ቆመው ይጠብቃሉ፣ ሆዳቸውን አርሰው መምጣት አይችሉም። ቀትር ላይ ከሆነ እንቁላሉ ብዙ አይቆይም። ወንዝ ዳር ሁለት ወፎች እየጮኹ ከዙሪያችሁ አልሄድ ካሏችሁ፣ እግራችሁ ሥር ያለውን መሬት እዩ፤ ከዚያ በመጣችሁበት ዱካ ተመልሳችሁ ራቅ በሉና ዛፍ ሥር ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። እንቁላሉ የት እንዳለ የሚያሳያችሁ መጀመሪያ ተመልሶ የሚቀመጠው ነው።